ፕሌስቴሽኑ ግራና ላይ ሲፈተሽ

ሰውን ለማወቅ ከፈለጋችሁ ጆይስቲክ አስይዙት። እኔ ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ እስካሁን አላገኘሁም። ጨዋ የምትሉት፣ መስጊድ ሲገባ ጫማውን እንኳ አሰላልፎ የሚያስቀምጥ ሰው፣ የኳሱን ጌም ከፍታችሁ «ቡድን ምረጥ» ስትሉት ከዓለም አንደኛውን ያለ ምንም ሐፍረት ለራሱ ይወስድና የተራረፈውን ይተውላችኋል። ጎል ሊገባበት ሲል ጨዋታውን አቁሞ «ስልኬ ጠራ» የሚል አለ። ስልኩ አልጠራም። ሲሸነፍ ጆይስቲኩን እያገላበጠ «ይቺ ቁልፍ አትሠራም» የሚል አለ፤ እየመራ በነበረበት ሰዓት ቁልፏ እንዴት ትሠራ እንደነበር አይነግራችሁም። ጎል ባገባ ቁጥር ከአራት አቅጣጫ ደግማችሁ ካላያችሁልኝ ብሎ የሚያስራችሁ አለ። የትኛው ቁልፍ ምን እንደሚሠራ ሳያውቅ ሁሉንም ባንድ ላይ እንደ በርበሬ የሚወቅጥም አለ። የሚያናድደው፣ የሚያሸንፈው እሱ ነው።

እኔም የራሴ ሕግ አለኝ። እንግዳም ቢሆን፣ ታማሚም ቢሆን፣ የሚስት ወንድምም ቢሆን ለማንም አልለቅም። ለሰው ብሎ መሸነፍ ያን ሰው መናቅ ነው ብዬ አምናለሁ። በዚህ እምነቴ የተነሳ የሚስቴ ወንድም ሁለት ወር ሙሉ ቤታችንን ሳይረግጥ ቀርቷል። የመኪናውን ጌም አልወደውም። ከወልድያ መርሳ በሚኒባስ እየተመላለሰ ላደገ ሰው፣ አህያ የማያቋርጠው፣ ባጃጅ ድንገት ጥሶ የማይገባበት፣ ጥሩምባ የማይነፋበት መንገድ ላይ ምን ሹፌርነት አለ? የቦክሱ ጌም ደግሞ አውራ ጣት ከማቁሰል በቀር ለማንም አልጠቀመም። እንዲህ እያልኩ ቀኑን ሙሉ ላወራችሁ እችላለሁ። የወልድያ ሰው የሚያውቀኝም በዚሁ ነው። መምህር ሰይድ፤ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ፤ ሒሳብ ያስተምራል፤ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ፕሌስቴሽን ይጫወታል፤ ስለ ፕሌስቴሽን ያልጠየቁትን ይናገራል።

ባለቤቴ ዘሀራ ልብስ ሰፊ ናት። የፊት ለፊቱን ክፍል እሷ በስፌት መኪናዋ ይዛለች፣ የውስጠኛውን እኔ በቴሌቪዥኑ። በስድስት ዓመት ትዳራችን አንድ ቀን አጠገቤ ተቀምጣ ጆይስቲክ ስትይዝ አይቻት አላውቅም። በበሩ ስታልፍ በጎን ገልመጥ ታደርገኝና «መምህር ነኝ ትላለህ ደግሞ» ብላ ታልፋለች። በዚች አነጋገሯ ላይ ብዙ ጊዜ መልስ ለማዘጋጀት ሞክሬያለሁ። መልሱ ሲመጣልኝ እሷ ወደ ስፌቷ ተመልሳለች።

ፕሌስቴሽኑ አሮጌው ዓይነት ነው። ጆይስቲኩ በሽቦ የሚሰካ፣ ሲዲውን ሲያነብ እንደ አስም በሽተኛ የሚያቃስት፣ አንድ ጌም ቤት ሲዘጋ የገዛሁት ጥቁር ሣጥን። ሁለት ሲዲ ነበረኝ። አንዱ የኳስ፣ ሌላው የተኩስ።

ስለ ተኩሱ ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ እወደው ነበር። ጎበዝም ነበርኩ። «ይሄ ነገር ሰው ያጨክናል» ሲሉኝ የምመልሰው አላጣም ነበር። አሁን ግን እኔው ራሴ አስተያየት አለኝ፤ አስተያየቴም ስለ ደሙ አይደለም፤ ውሸቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በዚያ ጌም ከስክሪኑ ጥግ ትንሽ ካርታ አለች። ጠላት የቆመበት ቦታ ሁሉ በቀይ ነጥብ ይታያል። ወታደሩ አይርበውም፣ ሽንቱ አይመጣበትም፣ ጎረቤት የለውም። ቢሞት እስከ አምስት ሳትቆጥሩ ይነሳል። እኛ ወልድያ ላይ ቀይ ነጥብ የሚባል አላየንም። የነበረን ድምፅ ብቻ ነው። ከየት እንደተነሳ አናውቅም፣ የት እንደሚያርፍ አናውቅም፤ በመሃል ያለችውን ጊዜ ግድግዳ እያየን እናሳልፋት ነበር።

ከባድ መሣሪያው በሩቁ መሰማት በጀመረበት ሰሞን፣ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ቁጭ ብዬ የተኩሱን ጌም እጫወት ነበር። አዎ፣ አውቃለሁ። ሰው ሲፈራ የሚያደርገውን ሁሉ ልታስረዱት አትሞክሩ። ዘሀራ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«አጥፋው» አለችኝ።

«ልጨርስ ነው።»

«አጥፋው ሰይድ። የውጪው የትኛው እንደሆነ ልለይ።»

አጠፋሁት። ሁለታችንም ጆሯችንን አቁመን ቆየን። የውጪው ቀጠለ።

ሲዲውን ከውስጡ አላወጣሁትም። ይቺን ያዙልኝ።

በማግስቱ ዱቄት ፍለጋ አዳጎ ሰፈር ወጥቼ ቀኑን ሙሉ ከወረፋ ወረፋ ስል ዋልኩ። በሦስተኛው ቀን መብራት ሄደ፤ ኔትወርክም ተከተለው። ከዚያ ወዲያ ያለውን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሱቆች ተዘጉ። ሰው በገዛ ቤቱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በር ዘግቶ በሹክሹክታ ማውራት ጀመረ። በመንገድ ሁለት ሰው ሲሮጥ ካየን ለምን እንደሚሮጡ ሳንጠይቅ እኛም እንሮጣለን። አንድ ጠዋት ከኛ ሦስተኛው ቤት ጣሪያ ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። የቤቱ ሰዎች ቀደም ብለው ወጥተው ስለነበር የሞተ የለም፤ ግን የእጅ መዳፍ የምታህል የቆርቆሮ ቁራጭ በርራ መጥታ ዘሀራ ያሰጣችው አንሶላ ላይ ተሰካች። ገና ትጤስ ነበር። ዘሀራ አንሶላውን ከነቆርቆሮው ትንሽ አየችው፣ አላወረደችውም።

«አጎቴ ጋ እንሂድ» አለች። ያለችው ይህን ብቻ ነው።

እሷ የያዘችው የትምህርት ማስረጃዎቻችንን፣ ቅያሪ ልብስና የስፌት መቀሷን ነው። እኔ ብርድ ልብስ ያዝኩ። ከብርድ ልብሱ ሥር ደግሞ ጥቁሩን ሣጥን፣ ሁለቱን ጆይስቲክና ሽቦዎቹን ጠቅልዬ ከተትኩ። ምን ነካህ አትበሉኝ። ያን ቀን ምድጃ ተሸክሞ የወጣ ሰው አይቻለሁ። ሰው ከቤቱ ሲነቀል እጁ የለመደውን ያነሳል፤ የኔ እጅ የለመደው እሱን ነው። ዘሀራ ስጠቀልል አየችኝ።  «መምህር ነኝ ትላለህ ደግሞ» እንኳ አላለችም። ያኔ ሊገርመኝ ይገባ ነበር፤ ለመገረም ግን ልብ ያስፈልጋል፣ የኔ ልብ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ይመታ ነበር።

እስከ መርሳ በአንድ አይሱዙ ጀርባ ቆመን ሄድን። መርሳ መናኸሪያው አጠገብ የዘሀራ አጎት አባ ይማም ከነአህያቸው ጠበቁን። ከግራና ወዲያ ያለ ገጠር የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ወልድያ ተመታ ሲባል ሰምተው፣ መቼ እንደምንመጣ ማንም ሳይነግራቸው፣ በየቀኑ እየመጡ ይቆሙ ነበር። ዘሀራን ሲያዩ ምርኩዛቸውን ጥለው አቀፏት።

«አልሐምዱሊላህ፣ አልሐምዱሊላህ። አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ።»

ከዚያ ጓዛችንን አህያዋ ላይ ሊጭኑ የኔን ጆንያ አነሱና ፊታቸው ተለወጠ።

«ይሄ የሚቆረቁረው ምንድን ነው ልጄ?»

እንግዲህ ፍረዱኝ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሰው፣ በጦርነት መሃል አህያ ይዘው ሲጠብቁኝ ሰንብተው፣ ፕሌስቴሽን ነው ልበላቸው?

«መጽሐፍ ነው አባ» አልኩ።

«ዒልም ነዋ! ዕውቀት!» አሉ፤ ፊታቸው በራ። «ዒልም አይከብድም። በል ደግፈኝ።»

ዘሀራ መሬት መሬት እያየች ሻሿን አስተካከለች።

ከመርሳ ወደ ግራና ያለውን መንገድ በእግር ተያያዝነው። ማሽላው በግራና በቀኝ ከሰው ቁመት በላይ አድጎ ነበር። በሌላ ክረምት ብናየው ደስ ይለን ነበር፤ ያን ቀን ግን ከእያንዳንዱ አገዳ ኋላ ሰው ያለ ይመስለኛል። ነፋስ ሲነካው እቆማለሁ። አባ ይማም «ነፋስ ነው ልጄ» ይሉኛል። ነፋስ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ እግሬ ነው የማያውቀው። ከመንገዱ የሚመለስ ሰው ስናገኝ «ወዴት ናችሁ?» ይለናል፤ «ወደ ግራና» እንላለን፤ ዝም ብሎ ያልፈናል። ያቺ ዝምታ ምን ማለት እንደነበረች የገባችን ቆይታ ነው። ጦርነቱን ወደ ኋላ ትተን የምንሄድ መስሎን ነበር። ጦርነቱ ቀድሞን ግራና ደርሷል።

መግቢያው ላይ መንገዱ በድንጋይና በባሕር ዛፍ ግንድ ተዘግቷል። ስድስት ይሁኑ ሰባት ታጣቂዎች ቆመዋል። የየትኛው ወገን ነበሩ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ያን ቀን እኔም አልጠየቅኩም። መሣሪያው ወደ ሰው ሲዞር ከየትኛውም ወገን ቀዳዳው አንድ ነው።

የአባ ይማምን ኮርቻ ፈተሹ። የዘሀራን ቦርሳ ፈተሹ። ደረቱ ላይ ጥይት ያነገበ አንድ ግዙፍ ሰውዬ ጆንያዬን ገልብጦ ዘረገፈው። ብርድ ልብሱ ወጣ። ከብርድ ልብሱ ውስጥ ጥቁር ሣጥን ወጣ። ከሣጥኑ ጋር ቢጫ፣ ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ሽቦ ወጣ። ከዚያ በቁልፍ የተሞሉ፣ በእጅ የሚጨበጡ ሁለት መሣሪያዎች ወጡ። በዚያች ሰከንድ የራሴን ዕቃ በእነሱ ዓይን አየሁት። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እኔ ራሴ ብሆን ራሴን አስር ነበር።

ግዙፉ ሰውዬ ወደ ኋላ ፈቀቅ አለና ጠመንጃውን አስተካከለ። ከግንዱ ወዲያ ተቀምጦ የነበረ ቀጭን ሰው ተነስቶ መጣ። አለቃቸው ነው። ዓይኑ በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል፣ ድምፁ ግን ዝቅ ያለ ነው። ቢጮህብኝ እመርጥ ነበር።

«የማን ነው?»

«የኔ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ይጫወቱበታል።»

«ልጅ አለህ?»

«ገና ነው።»

«ታዲያ ማን ነው የሚጫወትበት?»

«እኔ።»

ዕድሜዬን ጠየቀኝ። ነገርኩት። ማንም አልሳቀም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ለዚህ መልሴ የማይስቅ ሰው አላውቅም።

«ሥራህ ምንድን ነው?»

«አስተማሪ ነኝ።»

«የምን?»

«የሒሳብ።»

«ሒሳብ» አለ ቀስ ብሎ። ሽቦዎቹን አየ፣ ሣጥኑን አየ፣ ሰማይን አየ። እኔም የሚያስበው ገባኝ። ርቀት የሚያሰላ፣ ቦታ የሚጠቁም፣ «ከዚህ ወዲህ ተኩሱ» ብሎ የሚልክ ሰው። በዚያው ሰሞን ሬዲዮ ተገኘበት ተብሎ ስለተወሰደ ሰው መርሳ ላይ ሲወራ ሰምተን ነበር። መወሰዱን እንጂ መመለሱን የነገረን የለም።

አባ ይማም ወደ ፊት ወጡ። «ልጄ፣ ይሄ የኔ ልጅ ባል ነው፤ አስተማሪ ነው። መጽሐፍ ነው የያዘው።»

አለቃው ሣጥኑን በእግሩ ጫፍ ነካ አደረገው። «ይሄ ነው መጽሐፉ?»

አባ ይማም ወደኔ ዞሩ። በሕይወቴ ከዚያች ሰዓት የበለጠ አፍሬ አላውቅም፤ ፍርሃቴ ግን ከሐፍረቴ ስለበለጠ ብዙ አልቆየችም።

መንገዱ ዳር ከጥቂት ቤቶች ወዲያ በሰላሙ ጊዜ በዲሽ ኳስ የሚታይበት ቤት ነበር። ታጣቂዎቹ ስልክ የሚሞሉበትን ትንሽ ጄኔሬተር እዚያው አስነስተዋል፤ ድምፁ ይሰማል። አለቃው በአገጩ ወደዚያ አመለከተኝ።

«ጨዋታ ከሆነ ታሳየናለህ። ካልሆነ ደግሞ…» አልጨረሰውም። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ባይጨርሰው ነው የሚከፋው።

አባ ይማምን ከአህያቸው ጋር ውጪ አስቀሯቸው። እኔና ዘሀራ ወደ ቤቱ መሄድ ጀመርን። በግምት ሁለት መቶ እርምጃ ነው። ሰላሳ ያህል እንደሄድኩ ሲዲው ትዝ አለኝ።

መጨረሻ የተጫወትኩት የተኩሱን ነው። አላወጣሁትም። የኳሱ ሲዲ ቤት መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል። ሣጥኑን ሳበራው መጀመሪያ የሚመጣው ምን እንደሆነ ከኔ በላይ የሚያውቅ የለም፤ በሬዲዮ የሚነጋገሩ ወታደሮች ይመጣሉ፣ ከላይ የተነሳ የከተማ ካርታ ይመጣል፣ በካርታው ላይ ደግሞ ቀያይ ነጥቦች። እነዚያን ነጥቦች ለእነዚህ ሰዎች እንዴት አድርጌ ነው የማስረዳቸው? «ጌቶቼ፣ ይሄ ካርታ የሌላ አገር ነው» ልበል? አፌን ከፍቼ አስቀድሜ ልናገር ፈለግኩ።  ምላሴ የሌላ ሰው ምላስ ይመስል አፌ ውስጥ ጋደም ብላለች። መሮጥን አሰብኩ፤ ማሽላው ቅርብ ነው። ከዚያ ዘሀራን አየሁ። እጄን ያዘችና «አብሽር» አለችኝ፤ ለምን እንደዚያ ተረጋግታ እንዳለችው አልገባኝም። ስላላወቀች ነው ብዬ አዘንኩላት። ባልሽ የሚሞትበትን ሲዲ ባታውቂ ነው ብዬ።

ቤቱ ውስጥ አግዳሚዎቹ እንደተደረደሩ ናቸው። ቴሌቪዥኑ ግድግዳው ላይ አለ። ሽቦዎቹን ልሰካ ስጀምር እጄ ቢጫውን ከቀዩ አልለይልኝ አለ፤ ላለፉት ስንት ዓመታት ዓይኔን ጨፍኜ የምሰካው ሽቦ ነው። ሦስት ጊዜ ተሳሳትኩ። ግዙፉ ሰውዬ ኋላዬ ቆሞ ትንፋሹ ማጅራቴ ላይ ይሰማኛል። በመጨረሻ ተሰካ።

«አብራው» አለ አለቃው።

አበራሁት። አረንጓዴዋ መብራት በራች። ስክሪኑ ጠቆረ። ሣጥኑ እንደ ልማዱ ማቃሰት ጀመረ፤ አነበበ፣ ቆመ፣ አነበበ፣ ቆመ። ዓይኔን ጨፈንኩ። እንዳይነበብ ለመንኩ። ከዚያ ካልተነበበም እንደማያምኑኝ ትዝ አለኝና ይነበብ ብዬ ለመንኩ። አንድ አላህን በአንድ ትንፋሽ ሁለት ተቃራኒ ነገር የለመነ ሰው እኔ ነኝ።

የሕዝብ ጩኸት ሰማሁ።

ዓይኔን ስከፍት ስክሪኑ አረንጓዴ ነው። ሣር። የኳስ ሜዳ። አግዳሚው ላይ ቁጭ አልኩ። የማይሆን ነገር ነው፤ ግን ሆኗል። የኳሱ ሲዲ ነው። ገና ትንፋሼ ሳይመለስ ስክሪኑ «የጀመርከውን ሊግ ትቀጥላለህ?» ብሎ ጠየቀ፤ ከሥሩም የተጫዋቹን ስም ጻፈ። ስሙ የኔ አይደለም።

አለቃው ቀረብ ብሎ የእንግሊዝኛውን ፊደል በጣቱ እየተከተለ አነበበ። «ዘ…ሀ…ራ።» ወደኔ ዞረ። ቀደም ካለው ይበልጥ ዝቅ ባለ ድምፅ «የምጫወተው እኔ ነኝ ብለኸኛል። ዘሀራ ማን ናት?»

ከአንድ ጉድጓድ ወጥቼ ሌላው ውስጥ ነው የገባሁት።  እኔም እኮ እንደሱ መልሱን አላውቅም።

«እኔ ነኝ» አለች ዘሀራ።

ሁሉም ዞሩ። ከሁሉም ይልቅ እኔ ዞርኩ።

«አንቺ ትጫወቺያለሽ?»

«አዎ።»

«አሳዪን።»

መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ጆይስቲኩን ከእጄ ወሰደች፤ መርፌ የምትይዝባቸው ጣቶች እያንዳንዳቸው ሳይፈልጉ ቦታቸውን አገኙ። ሊጉን ከፈተችው። የመረጠችው ቡድን ስሙን እንኳ ሰምቼው የማላውቅ፣ ማንም የማይፈልገው ደካማ ቡድን ነው። አሥር ጨዋታ ተጫውታለች። ሁለተኛ ናት።

አሥራ አንደኛው ተጀመረ። መጀመሪያ ገባባት።  እሷ ምንም አልተለወጠባትም፤ ጨርቅ ስትቆርጥ እንደምታደርገው የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ ቀጠለች። ኳስ ታቀብላለች፣ ትጠብቃለች፣ ታቀብላለች። እንደኔ አትቸኩልም። ቀስ በቀስ ሌሎቹ ታጣቂዎች ከውጪ ገብተው ከኋላ ቆሙ። ግዙፉ ሰውዬ ጠመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደገፈው፤ አፈሙዙ ቀጥታ ጉልበቴን ያያል። እንዲያዞርልኝ ለመጠየቅም ፈራሁ።

«ኧረ አቀብይው!» አለ ድንገት። «በግራ በኩል ክፍት ነው!»

አቀበለች። ተሻማ። በግንባር ገባ። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጮኸ። እኔ ከአግዳሚው ልወድቅ ምንም አልቀረኝም፤ በዚያ ሰሞን ሰው በአንድ ላይ ከጮኸ የሚከተለውን ነገር ሰውነቴ ተምሮታልና። አለቃው ብቻ አልጮኸም፤ ግን ሲቀመጥ አየሁት። ጨዋታው ሁለት ለአንድ አለቀ፤ ሁለተኛውን እንዴት እንዳገባች አልነግራችሁም፤ የማየው ጠመንጃውን ነበር።

አለቃው ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገና ተነሳ።

«በቃ ሂዱ» አለ። «ዕቃው እዚህ ይቆያል።»

«አመሰግናለሁ» አልኩት። ንብረቴን ስለወሰደልኝ ከልቤ ነው ያመሰገንኩት።

ስንወጣ አባ ይማም መሬት ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ዘርግተው አገኘናቸው። ከውስጥ የሰሙትን ጩኸት የኛ መጨረሻ አድርገውት ሸሃዳ ይሉልን ነበር። ሲያዩን መነሳት አቃታቸው፤ ደግፈን አነሳናቸው። ፂማቸው በእንባ ርሷል። አህያዋን እየነዱ ትንሽ ከሄድን በኋላ ድምፃቸው ሲመለስ፣

«መጽሐፍ ነው አላልከኝም ነበር ወይ ልጄ?» አሉኝ።

«ይቅር ይበሉኝ አባ።»

«ይሁን። የሚነበብ ነገር መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር እንጂ።»

ይህን እየተባባልን ዘሀራ ቆመች። ዞረች። ወደመጣንበት መሄድ ጀመረች።

«ዘሀራ! ወዴት ነው?»

«መጣሁ።»

ልከተላት ነበር። እግሬን አዘዝኩት፤ እምቢ አለኝ። ይህን የምነግራችሁ የምኮራበት ስለሆነ አይደለም። ሚስቴ ብቻዋን ወደዚያ ቤት ስትገባ መንገድ መሃል ቆሜ የአህያ ጆሮ ይዤ ነበር። አባ ይማም ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ፀሐይዋ ሙሉ ለሙሉ የቆመች መሰለኝ። ተኩስ ጠበቅኩ። ጩኸት ጠበቅኩ። ከዚያ በሩ ላይ ብቅ አለች፤ ሳትሮጥ፣ ሳትቸኩል፣ ሻሿን እያስተካከለች መጣች። እጇ ውስጥ ከክብሪት ቀፎ የምታንስ ጥቁር ነገር ይዛለች። የሣጥኑ ሜሞሪ ካርድ ነው፤ የተጫወታችሁት ሁሉ የሚቀመጥበት።

«ምን ብለሽ ነው?» አልኳት፤ ድምፄ እንደ ልጅ ቀጥኖ።

«የኔን ስጡኝ አልኳቸው።»

«ከዚያስ?»

«ትልቁ ሰውዬ ነቅሎ ሰጠኝ። ስንተኛ ነሽ አለኝ። ሁለተኛ አልኩት።»

ገጠር አባ ይማም ቤት ወራት ቆየን። እዚያም ድምፁ ይከተለን ነበር፤ አንዳንድ ቀን ከተራራው ወዲያ፣ አንዳንድ ቀን ከበላያችን። ማሽላው ላይ ወፍ እየጠበቅን ሳለን አንድ ቀን ጠየቅኳት። መቼ ነው የጀመርሽው? እኔ ማስተማር ስሄድ፣ ስፌት ሲደክማት፣ ከዓመት በላይ ሆኗታል። ሲዲውን መቼ ቀየርሽው? እኔ አዳጎ ዱቄት ፍለጋ በወጣሁበት ቀን። ካርዷንስ እንዴት አላየኋትም? ከዚያ ቀን በፊት ሁሌ እየነቀለች ክሮቿ ውስጥ ትሸሽጋት ነበር።

«ሕዝቡ ሲጮህ የውጪው አይሰማም» አለችኝ።

«በዋዜማው እኮ የውጪውን ልስማ ብለሽ አስጠፍተሽኛል።»

«አንተ ስትኖር መስማት እፈልጋለሁ። ብቻዬን ስሆን መስማት አልችልም።»

ሲያንገበግበኝ የከረመውን አወጣሁት። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ጊዜ እንዲህ አብረን እየኖርን፣ ምን ነበረበት ብትነግሪኝ?»

ወፎቹን እያየች «አስተያየትህን ፈርቼ ነዋ» አለችኝ።

ወልድያ ስንመለስ ቤቱ ቆሟል፤ ቴሌቪዥኑ ግን የለም፣ ስፌት መኪናዋም የለችም። የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ዘሀራ የሰው ልብስ በእጇ ሰፋች። ቀስ እያልን መኪናውንም ቴሌቪዥኑንም ተካን። ፍርሃቱ ግን እንደ ዕቃ አልተወሰደልንም። አሁንም የሚኒባስ በር በኃይል ሲዘጋ እሷ የስፌት መኪናዋ መርገጫ ላይ እግሯን ታቆማለች፣ እኔ እስክሪብቶዬን፤ ከዚያ ሁለታችንም ምንም እንዳልተፈጠረ እንቀጥላለን።

በቅርቡ ሰፈራችን ጌም ቤት ተከፍቷል። ገብቼ አየሁ፤ ማሽኖቹ አዳዲስ ናቸው፣ ምስላቸው ሕይወት ያለው ይመስላል። ካርዷን የሚቀበል ቀዳዳ ግን የላቸውም። ለዘሀራ ነገርኳት። «ምን ችግር አለው፣ ከመጀመሪያው ጀምሪ» አልኳት።

ከስፌቷ ቀና ብላ ገላመጠችኝ።

«ሁለተኛ ነኝ እኮ» አለች።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ ከመካከላችሁ በአልጋው ሥር ወይ በቁም ሣጥኑ አናት አሮጌ ፕሌስቴሽን የረሳ ቢኖር ፈልጉልን። ጆይስቲክ ባይኖረው ግድ የለም፣ ቢያቃስትም እናስታምመዋለን፤ የካርዱ ቀዳዳ ብቻ ይሥራ። የሚጫወተው እኔ አይደለሁም። እኔ ከአጠገቧ ለመቀመጥ ፈቃድ አግኝቻለሁ፤ አንድም ቃል ላለመተንፈስ ተስማምቼ።